ለኤሌክትሮኒክ የተኩስ ልምምድ መቅጃ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይገዛ? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሱሉልታ ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ወጣቶችን የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተኩስ እናሠለጥናለን። አፈሙዝ ላይ የሚታሰሩና በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙ ሁለት የማነጣጠር መቅጃዎች አግኝተናል፤ ኮምፒውተር ግን የለንም። አንዱ ሻጭ ጌሚንግ ላፕቶፕ ካልሆነ አይሠራም ይለናል፣ ሌላው ዴስክቶፕ ይረክሳል ይለናል። መብራትም ቶሎ ቶሎ ይሄድብናል። ምን እንግዛ? አንድ ኮምፒውተር ለሁለቱ አይበቃም ወይ?»

ጌሚንግ ላፕቶፑን ተዉት። በእሱ ዋጋ ሁለት ያገለገሉ ግን ጤነኛ የቢሮ ላፕቶፖች ይገኛሉ፤ ለእያንዳንዱ መተኮሻ ቦታ አንድ አንድ አድርጉ። ከሚተርፈው ላይ ለዒላማው መብራት የሚሆን 12 ቮልት ባትሪ ግዙ። ባትሪው ከኮምፒውተር ምርጫ ጋር ምን አገናኘው ብትሉ፣ እናንተ ባላችሁበት ሁኔታ ልምምዱን የሚያቆመው ከፕሮሰሰሩ ይልቅ እሱ ስለሆነ ነው። በየተራው ላስረዳ።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚሸከመውን ሥራ እንይ። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ መቅጃዎች በአብዛኛው ስሌቱን የሚጨርሱት ሴንሰሩ ውስጥ ነው። ሴንሰሩ ጥቁሩን ክብ እያየ አፈሙዙ የት እንዳነጣጠረ ያውቅና ቁጥሩን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል፦ ወደ ጎን ይህን ያህል፣ ወደ ላይ ይህን ያህል። ይህ በሰከንድ መቶ ጊዜ ቢላክ እንኳ ጥቂት ኪሎባይት ነው። የአንድ ሙሉ ልምምድ መረጃ በስልክ ከሚነሱ ጥቂት ፎቶዎች አይበልጥም። የግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል፤ የሚተርፋችሁ ሙቀቱ፣ የማራገቢያው ጩኸትና በአንድ ሰዓት ገደማ የሚያልቅ ባትሪ ነው። ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ ቶሎ የሚግል ማሽን እዚያ ይበልጥ ይግላል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። መቅጃችሁ ተራ የዩኤስቢ ካሜራ ከሆነና ምስሉን እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያፈስ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ሰክታችሁ የተሰኩ ዕቃዎችን በሚዘረዝረው የዊንዶውስ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ተመልከቱ፤ ከካሜራዎች ተርታ ከተመዘገበ ምስል ላኪ ነው። 640 በ480 ነጥብ የሆነ ያልታመቀ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሲላክ ወደ 295 ሜጋቢት ይደርሳል። የዩኤስቢ 2.0 መስመር በወረቀት ላይ እንኳ የሚችለው 480 ነው፤ ሁለት ካሜራ በአንድ መስመር ላይ ከሰካችሁ 590 ስለሚሆን አንዱ መቆራረጡ አይቀርም። «አንድ ኮምፒውተር ለሁለቱ አይበቃም ወይ» ለሚለው ጥያቄ የምስል ላኪዎቹ መልስ ይኸው ነው። ቁጥር ላኪ ቢሆን እንኳ አልመክርም፤ አብዛኛው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አንድ ተኳሽ እንዲያሳይ የተሠራ ነው፣ ሁለት ልጆች ደግሞ አንድ ስክሪን ሲጋሩ ሁለቱም እግራቸውን ከቦታው ያነሣሉ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ የሚፈተነው በምንድን ነው? ባለማቋረጥ ነው። ስካት በተባለው የማነጣጠር መቅጃ ፕሮግራም ላይ የአፈሙዙ እንቅስቃሴ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይጀምራል፤ ከተኩሱ በፊት ያለው የመጨረሻ 1 ሰከንድ ቢጫ፣ የመጨረሻው 0.2 ሰከንድ ሰማያዊ፣ ከተኩሱ በኋላ ያለው ቀይ ነው። አሰልጣኝ ዓይኑን የሚተክለው ሰማያዊዋ ላይ ነው፣ ቃታው ሲሳብ አፈሙዙ ምን እንዳደረገ የምትናገረው እሷ ናትና። ሴንሰሩ በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚያነብ ከሆነ ሰማያዊዋ የ20 ንባብ ርዝመት ብቻ አላት። ኮምፒውተሩ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢደነዝዝ ግማሿ ጠፋ ማለት ነው። የአየር ጠመንጃ ዒላማ 10 ቁጥር ደግሞ ስፋቱ 0.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት ከሚቀጥለው የሚርቀው 2.5 ሚሊሜትር። ትንሽ ዝላይ ልጁን «ቃታ ትበጥሳለህ» (በድንገት ትስባለህ) ያስብለዋል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

የሰውን እንቅስቃሴና የኮምፒውተሩን ስህተት መለየት ይቻላል። የሰው እጅ የሚሠራው መስመር እንደ ወደቀ ክር ይጠመዘዛል፤ ሲፈጥንም ሲዘገይም ክብ ክብ ይላል። ንባብ ሲጠፋ ግን መስመሩ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ይልና ጫፉ ላይ ሹል ማዕዘን ይሠራል። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ቁራጭ ካያችሁ ልጁን ሳይሆን ገመዱን፣ ዩኤስቢውን፣ ቻርጀሩን መርምሩ።

ወደ ግዢው እንሂድ። የምትፈልጉት ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲና 14 ኢንች 1920 በ1080 የማያብለጨልጭ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ነው። ስምንተኛውን ትውልድ ያልኩት ለፍጥነቱ ብዬ አይደለም። ዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ማሻሻያው ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ወገን በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ሻጩ ከዚያ በታች ባለው ላይ ዊንዶውስ 11 ጭኖ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ይነሣል፣ ግን በመንገድ ያልገባ ስለሆነ በአንዱ ማሻሻያ ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ከቢሮ የወጡ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቱድ 7490 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 በዚህ ደረጃ ያሉ ናቸው። ለእናንተ እኔ የማስቀድመው ቲ480ን ነው። ከውስጥ አንድ ባትሪ፣ ከታች ደግሞ የሚነቀል ሌላ ባትሪ ስላለው ማሽኑን ሳታጠፉ የታችኛውን መቀየር ትችላላችሁ።

ሱቅ ስትገቡ «ኮር አይ 5» ወይም «ኮር አይ 7» የሚለው ተለጣፊ ብቻውን አያሳምናችሁ። በሴቲንግስ ውስጥ ከጎኑ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ 8250 ወይም 8350 ከሆነ የመጀመሪያው 8 ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው፤ 6300 ስድስተኛ፣ 10210 ደግሞ አሥረኛ። ያረጀ አይ 7 ከአዲስ አይ 5 ሊያንስ እንደሚችል አትርሱ። ቀጥሎ የባትሪ ሪፖርት አስወጡ፤ ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፦ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 70 በመቶ በታች ከሆነ ዋጋው ይቀነስ ወይም ባትሪው ይቀየር። የ10 ሜትር ውድድር 60 ተኩስ በ75 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በፊት የዝግጅትና የማስተካከያ 15 ደቂቃ አለ። ስለዚህ ላፕቶፑ ያለ መብራት ቢያንስ 90 ደቂቃ መቆም አለበት። እንዲህ ያለ ማሽን ስክሪኑ ደመቅ ብሎ ሲሠራ ከ10 እስከ 15 ዋት ይበላል፤ 35 ዋት-ሰዓት የቀረው ባትሪ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳችኋል።

የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። ፍላሽ ሰክታችሁ ትልቅ ፋይል እየገለበጣችሁ መሰኪያውን በጣታችሁ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ በቀስታ አወዛውዙት። ግልበጣው ከቆመ ወይም የመንቀልና የመሰካት ድምፁ ከተሰማ ያ ቀዳዳ ላልቷል። ለቢሮ ሥራ የሚያስቸግር ላይሆን ይችላል፤ ከተኳሽ ጋር በሚንቀሳቀስ ገመድ ግን አይሆንም። በመጨረሻ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሡና ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ አትግዙ፤ የቀድሞው ድርጅት ቁልፍ አልተፈታም።

ዴስክቶፕ ይረክሳል የተባለው እውነት ነው፤ ግን መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን የዩፒኤስ ዋጋ ጨምሩበት። 650 ቪኤ የተባለው የተለመደው ዩፒኤስ በውስጡ አንድ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው ያለው፤ ኮምፒውተርና ሞኒተር 100 ዋት ገደማ ሲስቡበት ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ለ90 ደቂቃ ልምምድ አይበቃም። ከዚህ በፊት የነበረ ዴስክቶፕ ካላችሁ ግን አትጣሉት፤ አሰልጣኙ ከልምምድ በኋላ የተቀዳውን የሚመለከትበት ይሁን።

አሁን ወደ መብራቱ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሴንሰሩም ከላፕቶፑ ስለሚመገብ ይቀጥላል። የዒላማው አምፖል ግን ይጠፋል፤ ሴንሰሩ የሚያየው ጥቁር ክብ አይኖርም፣ ልምምዱ አበቃ። ብዙዎች ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ገዝተው ለዒላማው ሳያስቡ ይቀራሉ። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ለቤት ውስጥ የ10 ሜትር ዒላማ ቢያንስ 1500 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ብርሃን ይጠይቃል፤ ካሜራ ያለው ሴንሰርም በዚያ ብርሃን ደስ ብሎት ይሠራል። ለእያንዳንዱ ዒላማ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ 10 ዋት ኤልኢዲ መብራት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከጎን ወይም ከላይ አጋድላችሁ ስቀሉ፤ ጥይት እንዳያገኘው በፊቱ ወፍራም ላሜራ ይከልለው። አንድ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። እንዲህ ያለ ባትሪ እስከ ግማሹ ብቻ ቢወርድ ዕድሜው ይረዝማልና 42 ዋት-ሰዓቱን ተጠቀሙ፦ አንዱን መብራት ከአራት ሰዓት በላይ፣ ሁለቱን ከሁለት ሰዓት በላይ ያበራል።

ባትሪው ሌላም ጥቅም አለው። የመብራት ኃይል የሚሰጠን 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ለዓይን አይታይም፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ለሚያነብ ሴንሰር ግን ዒላማው በዝግታ የሚደምቅና የሚደበዝዝ ይመስለዋል፣ መስመሩም ያለ ምክንያት ይንቀጠቀጣል። በስልካችሁ በስሎው ሞሽን ቅረጹት፤ ቪዲዮው ብልጭ ድርግም ካለ ወይም የሚሄዱ ጥላዎች ካሳየ አምፖሉ ነው። ከባትሪ በቀጥታ የሚበራው ይህ ችግር የለበትም።

ከሶኬት የሚመጣ ሌላ ጣጣም አለ። የላፕቶፑን ብረት ስትነኩ ቀለል ያለ ንዝረት ከተሰማችሁ ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ ግራውንድ የለውም ማለት ነው። በከተማው ዳር በኪራይ የተያዙ አዳራሾች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ያ ፍሳሽ በዩኤስቢው ገመድ አልፎ እስከ ጠመንጃው ብረት ይደርሳል፤ ንባቡንም ሊያውክ ይችላል። ማረጋገጫው ቻርጀሩን መንቀል ነው፦ በስክሪኑ ላይ ያለው የመስመር መንቀጥቀጥ ከቆመ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ግራውንድ አስገቡ፤ እስኪገባ ድረስ በባትሪ ተኩሱ። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ስታብላይዘር ግድ አይደለም። መብራት ሲመለስ ግን አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ፤ ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ከሶኬት ንቀሉ።

ላፕቶፑን ካመጣችሁ በኋላ መጀመሪያ የምታደርጉት የዩኤስቢውን እንቅልፍ መከልከል ነው። «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ከላቁ ምርጫዎች «ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን «ዲሴብልድ» አድርጉት። ሁለት ቦታ አለው፤ አንዱ በሶኬት ሲሠራ፣ ሌላው በባትሪ ሲሠራ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያጠፋል። ከዚያ መብራት በሄደ ቁጥር ዊንዶውስ ወደ ባትሪው ደንብ ይዞርና ሴንሰሩ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ ሰውም «ሴንሰሩ መብራት ሲሄድ ይበላሻል» ይላል። ከዚያ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ገብታችሁ በእያንዳንዱ «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» ላይ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሡ። ማሻሻያውን በልምምድ ሰዓት እንዳይወርድ አቁሙት፤ የፕሮግራሙን መጫኛና ድራይቨሩን ኢንተርኔት ባለበት አውርዳችሁ በዲስኩ ላይ አስቀምጡ።

ገመዱ አጭር ይሁን። ዩኤስቢ 2.0 በተራ ገመድ ከ5 ሜትር እንዲያልፍ አልተሠራም፤ ሁለት ማራዘሚያ ቀጣጥሎ ከክፍሉ ጥግ ማምጣት መቆራረጥን መጥራት ነው። ኃይል የሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያም አትጠቀሙ፤ አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፒር ነው የሚሰጠው፣ ማከፋፈያው ያንኑ ለሁሉም ያካፍላል። ላፕቶፑን ከተኳሹ አጠገብ፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ በተለየ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ቀኝ እጅ ተኳሽ ግራ ጎኑን ለዒላማው ሰጥቶ ስለሚቆም ደረቱ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፤ ስክሪኑን በዚያ በኩል፣ ከዓይኑ መስመር ዝቅ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት እግሩን ሳያነሣ በዓይኑ ብቻ ያየዋል። ገመዱን በፕላስተር ሁለት ቦታ ላይ ያዙት፦ አንዱ ከሴንሰሩ አጠገብ፣ ሌላው ወደ ጠመንጃው ሚዛን መካከል። ከዚያ ወደ ታች ልል ብሎ ይውረድ። ከተወጠረ አፈሙዙን ይጎትትና ልጁ ከሌላ ክብደት ጋር ይለማመዳል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ልጆቹን ከማስገባታችሁ በፊት የአሸዋ ፈተናውን ሥሩ። የጠመንጃውን ባዶነት ሁለት ሰው ያረጋግጥ። በሁለት የአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝታችሁ ጥቁሩ ክብ ላይ አነጣጥሩትና ሰው ሳይነካው 5 ደቂቃ ቅዱ። የምትጠብቁት ነጥብ የምታህል ቋጠሮ ነው። በ10 ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት የአፈሙዙ 0.1 ሚሊራዲያን (እጅግ ትንሽ ማዕዘን) መዞር ስለሆነ ሰው በአጠገቡ ቢራመድ እንኳ ወለሉ ሲነቃነቅ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ሁሉም ይቁም። ከዚያ አንድ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ ድገሙት፦ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ የአዳራሹን መብራት አጥፉ፤ ሁለተኛውን ላፕቶፕ አስነሡ፤ ገመዱን በእጅ ነካ ነካ አድርጉ። ቋጠሮው የተፈታበት ለውጥ ጥፋተኛው ነው። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ግን ምንም አታውቁም።

ቀጥሎ ተኩስ መለየቱን አስተካክሉ። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ተኩስ መተኮሱን የሚያውቁት በድምፅ ወይም በንዝረት ነው። ለድምፅና ለንዝረት ያለው ስሜት (ሴንሲቲቪቲ) ከበዛ የጎረቤቱ ተኩስ የእሱ ተብሎ ይመዘገባል፤ በረዶ ቆርቆሮውን ሲወርድበትም ያልተተኮሰ ተኩስ ሊመጣ ይችላል። ካነሰ ደግሞ ያለ ጥይት ቃታ ሲሳብ አይሰማም። በአንዱ ቦታ ልጁ ጠመንጃውን ይዞ ሳይተኩስ ይቁም፣ በሌላው 10 ጊዜ ይተኮስ፤ አንድም እስከማይመዘገብ ድረስ ስሜቱን ዝቅ አድርጉ። ያለ ጥይት ለመለማመድና በጥይት ለመተኮስ የሚስማማው ልክ የተለያየ ስለሆነ ሁለቱንም ቁጥር ጽፋችሁ በላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጥፉ።

በበጋ አቧራው ማራገቢያውን ይደፍናል፤ በየሦስት ወሩ በአየር ያስነፉት። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ አይሂድበት። ፋይልን ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ የወራት ቅጂ በአንድ ቀን ከዓይን ይሰውርባችኋል፤ ለቅጂ መገልበጫ አንድ ፍላሽ ለይታችሁ በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ሌላ ማሽን አውጡ። ዴስክቶፑን ለአሰልጣኙ ካዋላችሁት ደግሞ ካጠፋችሁት በኋላ ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ካስቸገረ ከማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች 3 ቮልት ክብ ባትሪ ሞታለች። ቀይሯት፤ ያለዚያ የኅዳሩ ልምምድ ከመስከረሙ በፊት ይመዘገብና የልጁን መሻሻል ማንበብ አትችሉም።